ውድድር የማይገቡት፤ ከደብረ ብርሃን ቦንጋ የሄድኩበት ሳምንት

ነገሩ የጀመረው በግንቦት አጋማሽ፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ የፈታሁትን የናፍጣ ፓምፕ መልሼ እየገጠምኩ ሳለ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው ጠሩኝ። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ወጣሁ።

«ቦንጋ ያለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ እንግዳ ተናጋሪ ላኩልን ብሎናል» አሉኝ። «ለዓርብ ነው። ያንቺን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ልኬላቸው ወደውታል።»

የመመረቂያ ጽሑፌ «አንዳንድ መኪና አምራቾች ከታላላቅ የመኪና ውድድሮች ለምን ይርቃሉ?» የሚል ነው። በጽሑፉ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ያቀረብኩ ዕለት ግን ሁለተኛው ስላይድ ላይ ድምፄ ቆመ። ከፈታኞቹ መምህራን አንዱ ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ፤ ድምፄ አልመጣም። የቀረውን ራሳቸው ከወረቀቱ አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ። ሞተር ሰውን አፍጥጦ አያይም።

«ይህን አቅርበሽ የኮሌጁን ደብዳቤ ይዘሽ ከመጣሽ በመስከረም ክፍል ይዘሽ ታስተምሪያለሽ» አሉ ኃላፊው። «ካልሆነ በቴክኒሻንነት እዚሁ ትመደቢያለሽ። ከዚህ በላይ ልከራከርልሽ አልችልም።» በቁጣ አልተናገሩም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ገባሁ። የምዕራብ አውቶቡስ የሚነሣው ማለዳ ስለሆነ መናኸሪያው አጠገብ አልቤርጎ ያዝኩ። ለእራት ሽሮ አዘዝኩ፤ ለአንድ ሰው በትንሽ ሰሃን መጣልኝ። እኛ ቤት እኔና እህቴ በአንድ ትሪ ስንበላ «አንቺ በዝቶልሻል» እየተባባልን ነው። ብቻዬን ስበላ ምን ያህል በፍጥነት እንደምበላ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አስተናጋጁ ገና ውሃውን ሳያመጣ ጨርሼ ነበር።

ረቡዕ ጅማ ለመድረስ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ቦርሳዬን ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ጫነው፤ «ውስጡ ወረቀት አለ» ማለት አሰብኩና ሰዎች ከኋላዬ ስለተሰለፉ ተውኩት። ግቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ ለደብረ ብርሃን ሰው ቅጣት ነው። እኛ ዘንድ ግንቦትም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጋቢ አይጣልም፤ እዚያ ግን መስኮቱን ከፍቼ እጄን አውጥቼም አየር አጣሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወልቂጤ ሳንደርስ፣ ከኛ ጎን ብዙ ፒክአፕ መኪኖች አለፉን፤ ጭነታቸው ከወገባቸው በላይ ነው። ልማድ ሆኖብኝ የአምራቾቻቸውን ስም በልቤ ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ወይ ታላላቆቹ ውድድሮች ውስጥ ገብተው አያውቁም፣ ወይ ገብተው ወጥተዋል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንደምቆጥር ጠየቁኝ። «ምንም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ጅማ ድረስ አላናገሩኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጅማ ልንገባ ስንል ዘነበ። እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ሜዳው ላይ እየተራመደ ሲቀርብ ይታያል፤ ልብስ ለማስገባት ጊዜ ይሰጣል። የዚህ አገሩ ሳይነግር ነው የሚመጣው። ቦርሳዬን ስከፍት የታተመው ንግግሬ ርሶ አንዱ ገጽ ከሌላው ተጣብቋል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወረቀቶቹን አልጋ ላይ አንድ በአንድ ስዘረጋ አይተውኝ ምንም ሳይጠይቁ በሩን ዘግተው ሄዱ። አዘንኩ። ትንሽ ቆይተው ካውያና ሁለት ነጭ ጨርቅ ይዘው ተመለሱ። አሥራ አራቱን ገጽ በጨርቅ መሀል እያደረጉ አንድ በአንድ ተኮሱልኝ። «የልጄን የሚኒስትሪ ካርድም እንዲህ ነው ያዳንኩት» አሉ። ሦስተኛው ገጽ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቡኒ ሆነ። እኔ ያንን ንግግር የማነበው ብሆን ኖሮ እዚያ ቡኒ ቦታ ላይ ስደርስ እሳቸውን አስብ ነበር።

ሐሙስ ከጅማ ቦንጋ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርድና ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ጫካ ውስጥ ይገባል። ስለ ደን አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን እኔ ያደግኩት ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ፣ አድማስ ማለት ደግሞ ባዶ ሜዳ በሆነበት አገር ነው። እዚህ አድማስ የለም። በየትኛውም በኩል ብታዩ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ ጭጋግ ተንጠልጥሏል። ከፍ ባሉት ዛፎች ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመው አየሁ። ማን እዚያ ድረስ እንደወጣ ለመጠየቅ ፈለግኩ፤ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ቦንጋ መናኸሪያ የጠበቀኝ መምህር ታምራት ነው። የኮሌጁ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። አንድ ጃንጥላ ለሁለት ዘርግቶ ከኔ ይልቅ ቦርሳዬን ከዝናቡ እየከለለ ሽቅቡን መንገድ ወሰደኝ። ቦንጋ ሁሉም ነገሯ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል።

«መምህርት፣ ተማሪዎቻችን በጣም ነው የሚጠብቁዎት» አለኝ። «መቶ ያህል ይሆናሉ። አዳራሹን አስጠርገናል።»

መቶ ሲል ያ ሁለተኛው ስላይድ ትዝ አለኝ። ለእራት ቆጮ በጎመንና በአይብ አስቀረበልኝ፤ እንዴት እንደሚበላም በእጁ አሳየኝ። ጣፍጦኝ ነበር። ግን ከሦስት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም፤ እሱም ምግቡን እንዳልወደድኩት ቆጥሮ ሰሃኑን አስነሣ። ያንን እስካሁን አልረሳሁትም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ደረስን። ተማሪዎቹ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ታምራት ማይክራፎኑን ሲሞክር «አንድ፣ ሁለት» ያለው ድምፅ ከአዳራሹ ጀርባ ተመልሶ መጣ። ያኔ እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። በሹክሹክታ «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩት። «ድምፄ ሌሊቱን ጠፋ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ልመልሰው የምችልበት ጊዜም ነበረኝ፤ ምናልባት አምስት ሰከንድ። አልመለስኩትም።

ታምራት አልተጠራጠረኝም። «ዝናቡ ነው! ትናንት ጃንጥላው አልበቃንም» አለ፤ ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወሰደ። ወረቀቶቹን ተቀብሎኝ መድረኩ ላይ ወጣና «መምህርት ምሕረት ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ታመውብናል፤ እኔ አነብላችኋለሁ» አላቸው። ተማሪዎቹ ወደ እኔ ዞረው በሐዘኔታ አጨበጨቡ። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ።

የራሴን ቃል በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። ታምራት ጥሩ አንባቢ ነው። ለአንድ የውድድር ዓመት የሚወጣው ወጪ ለአዲስ መኪና ሥራ ሊውል እንደሚችል አነበበ። የውድድር ሞተር ጥቂት ጊዜ ጮኾ እንደሚፈታ፣ የገበሬ መኪና ሞተር ግን ለብዙ ዓመት በጭቃና በአቧራ እንዲኖር እንደሚሠራ፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዕውቀት ሰው እንደሚያስበው ብዙ እንዳልሆነ አነበበ። የውድድሩን ሕግ የሚያወጡት ሌሎች መሆናቸውን፣ ሕጉ ሲቀየር የዓመታት ልፋት በአንድ ወረቀት ሊወድቅ እንደሚችል አነበበ። ከዚያ ወደ ቡኒዋ ገጽ ደረሰ።

«ሲያሸንፉ ሰው የሚያመሰግነው ሹፌሩን ነው፤ ሲሸነፉ የሚወቀሰው መኪናው ነው። ስሙን ‹አይበላሽም› በሚል ቃል የገነባ አምራች፣ መኪናው ዓለም እያየው ከመንገድ ዳር ቆሞ ሲጨስ ምን ያተርፋል?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ያ ዐረፍተ ነገር እንደሚያስቅ አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር፤ ሰው ፊት ስላላነበብኩት አላወቅኩም። ሳቁ የኔ ነበር፤ የደረሰው ግን ለታምራት ነው።

በመጨረሻ ጥያቄ ተፈቀደ። ከመሀላቸው ካሉት ሦስት ሴት ተማሪዎች አንዷ ተነሣች፤ ስሟ ወይንሸት እንደሆነ ተናገረች። ቱታዋ ሰፍቷት እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች።

«መምህር፣ የማይገቡት አስበው ነው ወይስ ፈርተው?»

ታምራት ወረቀቱን አገላበጠ። «እዚህ ላይ… እንግዲህ የሚያውቁት የጽሑፉ ባለቤት ናቸው» አለና ወደ እኔ አየ። መቶውም ሰው ዞረ። እኔ ጉሮሮዬን ይዤ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምንም አይደለም» አለች ወይንሸት። ልትቀመጥ ስትል ግን ትንሽ ጠበቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ታምራት ደብዳቤውን ማኅተም አስደርጎ አመጣልኝ። «በኮሌጃችን የተዘጋጀው ትምህርታዊ ንግግር በሚገባ ቀርቧል» ይላል። ማን እንዳቀረበው አይናገርም። ውሸት የለበትም። በመስከረም ክፍል የሚያስይዘኝ ወረቀት በእጄ ነው። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩትና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የመመለሻዬ ትኬት ለሰኞ ማለዳ ነበር። እህቴ ስልክ ደውላ «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «በሚገባ ቀርቧል» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ በራፌ ላይ ዝንጅብል የተፈላበት ቴርሞስ ቆሟል። ቦንጋ ያረፍኩበት ፔንሲዮን የጽዳት ሠራተኛ ናት ያስቀመጠችው፤ ታምራት ነግሯታል። የቁርስ ቤቷ ሴትዮ በወረቀት የተጠቀለለ ጥምዝ የሚባል ቅመም ሰጠችኝ፤ በሻይ ቀቅዬ እንድጠጣው። እኛ ዘንድ ለጉንፋን ዳማከሴ ነው የሚታሸው፤ እዚህ ሁሉም ሰው የራሱ መድኃኒት አለው፤ ሁሉም ደግሞ ይሰጣል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በማያመኝ ጉሮሮ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስጄ ነበር፤ ከሁለቱም በኋላ የምስጋናውን ቃል በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

ታምራት መጣ። «እሑድን ብቻዎን እዚህ ከሚውሉ እኛ ቤት እንሂድ። ወላጆቼ የሚኖሩት በሚዛን መንገድ፣ ሺሺንዳ ነው። አባቴ ማር አለው፤ ለጉሮሮ ከዚያ የሚበልጥ የለም።» እምቢ የምልበት ድምፅ አልነበረኝም። መንገድ ላይ ደግሞ «አንቺ ልበልሽ፤ እኛ ቤት እርስዎ እርስዎ ስንባባል እናቴ ትስቅብናለች» አለኝ።

ወደ ሚዛን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። በአንድ በኩል የሻይ ተክል እንደ ተላጨ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ በሌላው በኩል ጫካ ነው። መንገዱ በተቆፈረበት ቦታ ተለዋጭ መንገዱን ስንይዝ የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ሹፌሩ ነዳጁን በረገጠ ቁጥር ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ ወደ ታች ይበልጥ ይቀበራል። በአንደኛ ማርሽ ነበር የሚታገለው። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ወደ ታምራት ሄጄ በጆሮው «ሁለተኛ አስገብቶ ቀስ ብሎ ይልቀቀው» አልኩት። ታምራት ጮኸ፤ መኪናው ወጣ። «ጎበዝ መካኒክ!» ብለው ጭብጨባውን ለታምራት ሰጡት። በሁለት ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።

ሺሺንዳ ወርደን ለአንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ቤታቸው በእንሰት ተከቧል። የታምራት እናት እትዬ አስካለች ከሩቅ ሲያዩን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወጡ። ጉንጬን ይዘው ግራ ቀኝ ሳሙኝና «ይቺ ልጅ ከስታለች! እናንተ አገር ምግብ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«እማ፣ መናገር አትችልም፤ ጉሮሮዋን አሟታል» አለ ታምራት።

«እሰይ! የማትናገር እንግዳ። አባትህ ዛሬ ሰሚ አገኘ።»

አባቱ ጋሽ አዴሎ ፈረሳቸውን እያሻሹ ነበር። ዳማ ፈረስ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ አጭርና ወፍራም። አማርኛቸውን በዝግታ፣ ቃል በቃል ነው የሚናገሩት፤ በቤት የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው። ታምራት የመጣሁበትን ጉዳይ ነገራቸው፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች መኪና ሠርተው ለምን ውድድር እንደማያስገቡ የጻፈች ናት አላቸው። ጋሽ አዴሎ መዳፋቸውን በፈረሱ አንገት ላይ አሳረፉ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። «የኔ ፈረስ አይወዳደርም። ሰው በሠርግ፣ በበዓል ሜዳ ላይ ይጋልባል። እኔን ይለምኑኛል። አልሄድም። የኔ ፈረስ ጭነት ነው። ቢያሸንፍ ማን ጭነት ይጨምርልኛል? ቢሸነፍ ግን ‹የአዴሎ ፈረስ ደከመ› ይላሉ፤ ቡናውን ለሌላ ይሰጣሉ።»

ሦስተኛዋ፣ ቡኒዋ ገጼ ናት። አሥራ አራት ገጽ የጻፍኩትን ሰውዬው ፈረስ እያሻሹ ጨረሱት። በምልክት ደረቴን ነክቼ ጎንበስ አልኩላቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ሲመሽ ድረስ ስለ ጭነት፣ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ጭቃ ነገሩኝ፤ እትዬ አስካለች ደግሞ በየመሀሉ ሳል የሚመስል ሳቅ ይስቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ። ለፈረሱ ጫማ የሚገጥመው ማን ነው? ስንት ኩንታል ይሸከማል? እዚያ ምድጃ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያወራ፣ እኔ ብቻ ራሴ በዘጋሁት በር ውስጥ ነበርኩ። ማር በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ነጭና ወፍራም ነው። የደብረ ብርሃን ማር ጠቆር ይላል። እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ማንኪያ ግን ሲወርድ ያቃጥለኝ ነበር።

እሑድ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። ጓሮ ወጣሁ። ጭጋጉ እንሰቱን እስከ ግማሹ ሸፍኖታል። ፈረሱ ለብቻው ታስሯል። ሁለት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ነበርኩና ከማንም ጋር ባልሆንም ማውራት አማረኝ። አጠገቡ ቆሜ በሙሉ ድምፄ «እንዴት አደርክ?» አልኩት። «እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። እዚያ ቢሆን ዛሬ ውርጭ ነው፤ አንተ አትችለውም። ለጋሽ አዴሎ ልነግራቸው የፈለግኩት ነገር አለ፤ የኋላ እግርህን ስትረግጥ ታደላለህ፤ ጫማው ዘሟል መሰለኝ…» ብዙ አወራሁት። የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩበትን ቀን፣ የውሃውን ብርጭቆ፣ ወይንሸትን ሁሉ ነገርኩት። ስዞር እትዬ አስካለች ጎመን የያዘ ቅርጫት ታቅፈው ከእንሰቱ ጎን ቆመዋል።

ወደ ቤት ገቡ። እኔ ጭጋጉ ውስጥ ቀረሁ።

ቁርስ ላይ ራሴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም። እትዬ አስካለች ግን ከኔ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌላቸው ሁሉ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አዴሎ፣ ትናንት ለእንግዳዋ ግማሹን ነው የነገርካት። የወፍጮ ቤቱንስ?»

ታምራት ገና ከአሁኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሽ አዴሎ «ተይው አስካለች» አሉ።

«አልተውም። ስሚ ልጄ፣ ድሮ ወንድሙ ሲያገባ ይሄም ተወዳድሯል። የጋለበው የዚህን ፈረስ አያት ነው። ነጭ ልብሱን ለብሶ! ፈረሱ ሁሉንም ቀደመ፤ ሰው እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። የሜዳው ጫፍ ሲደርስ ፈረሱ ወደ ግራ ታጠፈ።»

ወዴት እንደሆነ በዓይኔ ጠየቅኳቸው።

«ወፍጮ ቤት! ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ጭኖ የሚሄደው እዚያ ነዋ። ሄዶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ይሄ ልጓም ይጎትታል፣ እሱ ንቅንቅ የለም። ባለወፍጮው በዱቄት ነጭቶ ወጣና ‹እህሉስ የታል?› አለው።»

ታምራት በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ድምፄ ወጥቶ ሳቅኩ፤ ማንም አላስተዋለም ወይም ያላስተዋሉ መሰሉ።

ጋሽ አዴሎ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ፈረሱ ጥፋት የለውም» አሉ። «እኔ ያስተማርኩት መንገድ ሄደ። ለሩጫ አልሠራሁትም። ትናንት የነገርኩሽ እውነት ነው።» ጣታቸውን ተመለከቱ። «ግን ያን ቀን ወደ ሜዳው ብመለስ ኖሮ ይስቃሉ፣ ያልቃል። እኔ በጓሮ ዞሬ ቤት ገባሁ። በሬን ዘጋሁ። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚስቁት።»

ጽሑፌ ውስጥ ያ የለም። ብዙ ምክንያት ዘርዝሬአለሁ፤ ገብተው ተሸንፈው የወጡትን፣ ከዚያ በኋላ «ድሮም ለእኛ አይሆንም ነበር» የሚሉትን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፍኳቸው። ምክንያታቸው እውነት ስለሆነ አመንኳቸው። እውነት የሆነ ምክንያት ለመደበቂያም እንደሚሆን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ልንሄድ ስንል እትዬ አስካለች በኮባ ያሰሩትን ማር ይዘው እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ታምራት ከአባቱ ጋር ወደፊት ቀድሟል።

ራሴን ነቅንቄ አልወስድም አልኩ።

«ያዢ» አሉኝ። «ለጉሮሮሽ አይደለም። ጉሮሮሽ ደህና ነው። ለአንቺ ነው።»

ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ አጥሩ ላይ አለቀስኩ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠርገው «ፈረሱ ግን እውነት ነው፤ ያነክሳል። ለአዴሎ ራስሽ ንገሪው» አሉኝ። ሮጬ ደረስኩባቸውና በድምፄ ነገርኳቸው። ጋሽ አዴሎ «ማሩ ሠራ!» ብለው ልጃቸውን በክርናቸው ጎሰሙት። ታምራት ዞሮ አየኝ፤ ብዙ ጊዜ አየኝ፤ እኔ ግን ያን ጊዜም አልነገርኩትም። ቦንጋ ስንገባ «ደህና እደሪ፣ ነገ በሰላም ግቢ» ብሎኝ ተለያየን።

ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጅማው ሚኒባስ ከፔንሲዮኑ በታች ጡሩምባውን ሲያሰማ በመስኮት አየሁት። ትኬቱ በእጄ ነበር። ረዳቱ ሁለት ጊዜ «ጅማ! የቀረ ሰው!» አለና በሩን ዘጋ። ቁልቁለቱን ወርዶ ሲጠፋ ፊቴን ታጠብኩ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮሌጁ በር ላይ ታምራትን ጠበቅኩት። ሲያየኝ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ቆመ።

«አመለጠሽ?»

«አላመለጠኝም። የዓርቡን ደብዳቤ መልስልኝ… ማለቴ፣ እኔ ልመልስልህ መጣሁ።» ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። «ጉሮሮዬን አላመመኝም ነበር ታምራት። ፈርቼ ነው።»

ደብዳቤውን አየ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይሰማ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ የተቆጣም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን ሳያየኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ጃንጥላዬን ስረግም ነበር» አለ። ከዚያ ሰዓቱን ተመለከተ። «የወይንሸት ክፍል ሁለት ሰዓት ከሩብ ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ ልሰጥሽ እችላለሁ። ማይክራፎን የለም።»

«ይሻላል።»

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ያህል ናቸው። መሀል ላይ የተፈታ ሞተር ማቆሚያው ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሄጄ እጄን ብሎኩ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ድምፄ ሲወጣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲያልቅም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዓርብ ዕለት አሞኛል ያልኳችሁ ውሸት ነው» አልኩ። «ወደዚህ ልመለስ የቻልኩት ወፍጮ ቤት በሄደ ፈረስ ምክንያት ነው፤ እሱን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ያልመለስኩት ጥያቄ አለ። ወይንሸት፣ ተነሺና ድገሚልኝ።»

ወይንሸት የታጠፈ እጅጌዋን ይበልጥ ወደ ላይ ሰብስባ ተነሣች።